የመኳንንት ቤት ገመና

ገመና ማለት በቤት ውስጥ ያለ፣ ለጎረቤት የማይነገር ነገር ነው። የመኳንንት ቤት ገመና ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ሐሜትን ነው፤ ማን ከማን ወለደ፣ የትኛዋ ገረድ ከጌታዋ አረገዘች የሚለውን። ነገር ግን በአሮጌው ሥርዓት ገመና ሐሜት ብቻ አልነበረም፤ የመሬትና የሥልጣን ቁልፍ ነበር። ይህንን ለማስረዳት ከመንዝ እንጀምራለን፤ የኋለኞቹ የሸዋ ነገሥታት ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከመንዙ ሰው ከነጋሢ ክርስቶስ ነውና።

መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። መሐል ሜዳ ያለችው በጌራ ምድር ነው። በአፈ ታሪክ ማማ፣ ላሎና ጌራ አገሩን ያቀኑ አባቶች ናቸው። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት በሚወርድ ዘር ስለ ነበረ፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ ቆጥሮ የደረሰ ሁሉ ድርሻዬን ስጡኝ ብሎ መሟገት ይችል ነበር። የጓሳ ሣር እንኳ ከዚህ አላመለጠም። በቄሮ ሥርዓት ሣሩን የማጨድ መብት የነበራቸው የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉት ባለ ርስቶች ነበሩ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ቆጠራ መሬት የሚያስገኝ ከሆነ፣ ቆጠራውን የሚያውቅ ሽማግሌ ትልቅ ሀብት ይዟል ማለት ነው። ስለዚህ ለሁሉም አይናገርም። ለሚወደው ልጅ ይነግራል፤ ከተጣላው የወንድሙ ልጅ ይደብቃል። ድኻው ዘመድ በመካከል አንዲት ስም ስለ ጎደለችው ብቻ ከርስቱ ይቀራል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለደው ልጅ ጉዳይ ነው። አባቱ «ልጄ ነው» ካለ ዲቃላም ቢሆን ይካፈላል፤ ካላለ ግን እናቲቱ ብትምልም ዘመድ ይክዳል። ጌታው ሊሞት ሲል ይናዘዛል። በንስሐ ለነፍስ አባቱ ብቻ የነገረው አብሮት ይቀበራል፤ በምስክር ፊት የተናገረው ርስት ያካፍላል።

በቤተ መንግሥትም ነገሩ ይኸው ነበር። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ሲወለዱ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉ ሴት ነበሩ። አባታቸው ኃይለ መለኮት ልጅነታቸውን ስለ ተቀበሉ ግን ሕፃኑ ለዙፋን በቃ። በአንጻሩ ራስ ብሩን እንመልከት። በምኒልክ ቤተ መንግሥት አድገው ለራስነት የደረሱ ሰው ናቸው፤ የምኒልክ ልጅ ናቸው የሚል ወሬም ሲነገር ኖሯል። በአደባባይ የሚጠሩት ግን ብሩ ወልደ ገብርኤል ተብለው ነው። ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. አልጋቸውን ያወረሱት ለልጃቸው ለሸዋረጋ ልጅ ለኢያሱ ሆነ። ወሬው እውነት ሆነም አልሆነ፣ በአደባባይ ያልተነገረ ልጅነት ዙፋን አያወርስም።

መንግሥት ሲዳከም ደግሞ ከመወለድ ይልቅ መሞት ገመና ይሆናል። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልታወጀም፤ የንጉሥ ለቅሶም አልተለቀሰላቸውም። ሹመቱ ሁሉ በእርሳቸው ስም የቆመ ስለ ነበረ፣ ሞታቸውን ማወጅ ዙፋኑን ለክርክር መክፈት ነበር። ኢያሱ ራሳቸው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተሻሩ። በ1928 ዓ.ም. እንደ ታሰሩ ሲሞቱም መቃብራቸው ለሕዝብ አልተገለጸም። ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሲሞቱ ደርግ ያወጀው ታመው እንደ ሞቱ ነበር። አጽማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከወለል ሥር ነው፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩትም በ1993 ዓ.ም. ነው። የመኳንንቱን ቤት አፈርሳለሁ ብሎ የተነሣው መንግሥት ገመና መደበቅን ከዚያው ቤት ወረሰ ማለት ነው።

ወደ መንዝ እንመለስ። በአብዮቱ መጀመሪያ የራስ ብሩ ልጆች መርዕድና መስፍን በዚያው አገር ሸፍተው ከደርግ ጋር ሲዋጉ ሞቱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ የርስት ሙግት ቀረ፤ የጓሳው የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ። ለዘመናት ተሸሽጎ የኖረው ቆጠራ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ።

ታዲያ ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ ለምን አልተናገሩም? መሬቱ ቢወሰድም እፍረቱ ስለ ቀረ ነው። በጌታ ቤት በባርነት የኖረች ሴት የወለደችው ልጅ የማን እንደ ሆነ ማውራት ዛሬም በብዙ ቤት ነውር ነው። ነገር ግን ዝምታው ዕዳ አለበት። ሰው ሲጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባቱ የተካደበት ሰው ልጆች ምን ብለው ይቈጥሩ? እኅታቸውን ሳያውቁ ሊያጩ ይችላሉ። ከዚህም በላይ ሰው ሙሉ ዕድሜውን በሌላ ሰው ስም ተጠርቶ ይኖራል።

ስለዚህ ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። ለዕረፍት አገራችን ስንገባ ከአያቶቻችን ጎን ተቀምጠን እንጠይቅ። የምንጠይቀው ርስት ፈልገን እንዳይደለ አስቀድመን እንንገራቸው፤ ያን ጊዜ ይናገሩ ይሆናል። የጌቶቹን ስም ብቻ ሳይሆን የገረዶቹንም ስም እንጻፍ፤ የጌቶቹን ስም ብዙ ሰው ጽፎታልና።