ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ወይስ ከምድር የፈለቀ እሳት? የፍጥረታት የጅምላ ጥፋት መንስኤ ሲመረመር

ፍጥረታት በብዛት ከምድር ገጽ የጠፉበት ዘመን አንድ ብቻ አይደለም። ሊቃውንት ባለፉት 540 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ አምስት ታላላቅ የጅምላ ጥፋቶችን ይቆጥራሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው የመጨረሻው፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ዳይኖሶሮችን ያጠፋው ነው። ለዚህ ጥፋት ምክንያቱ ከሕዋ የመጣ አስትሮይድ ነው ከተባለ ወዲህ፣ የቀሩትንም አራቱን በዚሁ መንገድ የማስረዳት ዝንባሌ ታይቷል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ዝንባሌ እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ነው። መነሻ የምናደርገው በዙሪክና በጄኔቫ የተካሄዱ ጥናቶችን ሲሆን፣ በመጨረሻ ወደ አገራችን ደጋ እንመለሳለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ድንጋይ ከሰማይ ይወድቃል የሚለው አሳብ ራሱ በምሁራን ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ብዙዎቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ገበሬዎች ሲወድቅ አየን ያሉትን ድንጋይ ከተረት ይቆጥሩት ነበር። ከ1796 ጀምሮ በጄኔቫ ይታተም የነበረው «ቢብሊዮቴክ ብሪታኒክ» የተባለው መጽሔት ለዚህ ክርክር መድረክ ሆኖ አገልግሏል። በሚያዝያ 1803 በፈረንሳይ አገር በሌግል ከተማ አካባቢ ብዙ ድንጋይ ሲወርድ፣ ቢዮ የተባለው ሊቅ በየመንደሩ እየዞረ ምስክርነት ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ነገሩን መካድ አስቸጋሪ ሆነ።

ድንጋዩ ይወድቃል ማለት ግን ዓለምን ይለውጣል ማለት አይደለም። ይህን ሁለተኛ እርምጃ በ1980 የተራመዱት ሉዊስ አልቫሬዝ፣ ልጃቸው ዋልተርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በኢጣሊያ ጉቢዮ በተባለው ስፍራ፣ በሁለት የኖራ ድንጋይ ንጣፎች መካከል በሚገኝ ቀጭን የሸክላ አፈር ውስጥ፣ የኢሪዲየም መጠን ከተለመደው 30 እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ አገኙት። ኢሪዲየም በምድር ቅርፊት እጅግ ጥቂት፣ በአስትሮይድ ውስጥ ግን በርካታ ነው። ከዚህ ተነሥተው 10 ኪሎሜትር ያህል ስፋት ያለው አካል ምድርን እንደመታ ገመቱ። በ1991 በሜክሲኮ ዩካታን ከርሰ ምድር የተቀበረው፣ 180 ኪሎሜትር ያህል ስፋት ያለው የቺክሹሉብ ጎድጓዳ የዚያ ምት አሻራ መሆኑ ታወቀ። የተመታው ስፍራ የኖራና ድኝ ያዘለ ድንጋይ ስለነበር፣ ወደ አየር የተበተነው የድኝ ጭጋግና ጥቀርሻ የፀሐይን ብርሃን ጋረደ። ዕፅዋት ምግባቸውን ማዘጋጀት ተሳናቸው፤ በእነርሱ ላይ የተመሠረተው ሕይወትም ተናጋ። ከዝርያዎች ሁሉ ሦስት አራተኛው ያህል ጠፋ።

በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም የሥነ ምድር ሊቅ የነበሩት ኬኔት ሹ ለዚህ ክርክር የባሕሩን ምስክርነት አቅርበዋል። ሹ በቻይና ተወልደው፣ በ1948 ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በ1967 ዙሪክ የገቡ ስደተኛ ምሁር ነበሩ። በ1980 ከደቡብ አትላንቲክ ወለል ተቆፍሮ በወጣው ደለል ውስጥ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የካርቦን 12ንና የካርቦን 13ን ምጣኔ መረመሩ። ሕይወት ባለበት ባሕር የላይኛውና የታችኛው ውሃ በዚህ ምጣኔ ይለያያሉ። ከጥፋቱ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ተገኘ። በባሕር ላይ የሚንሳፈፉት ደቂቅ ፍጥረታት ሥራቸውን አቁመዋል ማለት ነው። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ባሕሩ ፈጽሞ ባዶ እንዳልነበረ አሳይተዋል፤ የሥርዓቱ መናጋት ግን አልተስተባበለም። ሹ በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚህ አልፈው፣ በእንዲህ ያለ ዘመን የሚተርፈው ብርቱው ሳይሆን ዕድለኛው ነው ሲሉ ተከራከሩ። ስለዚህም በሕይወት የቀረውን ሁሉ የተሻለ ነው ማለት፣ ይህንንም ወደ ሰዎች ታሪክ ማሻገር አደገኛ ስሕተት መሆኑን አስጠነቀቁ። የተፈጥሮ ምርጫ በሰላሙ ጊዜ መሥራቱን ሳንክድ፣ ማስጠንቀቂያው ሊደመጥ የሚገባው ነው እንላለን።

ታዲያ ምት ሁሉ ጥፋት ያስከትላልን? መልሱ ከዚያው ከስዊዘርላንድ ምድር ይገኛል። ፍራንትዝ ሆፍማን በ1945 ከዙሪክ በስተምሥራቅ፣ በሳንክት ጋለን አካባቢ፣ ለስፍራው እንግዳ የሆኑ የኖራ ድንጋይ ስብርባሪዎችን አገኘ። እነዚህ ድንጋዮች በደቡብ ጀርመን ከሚገኘው የሪስ ጎድጓዳ ጋር ይያያዛሉ። ሪስ ከ15 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በምት የተፈጠረ፣ 24 ኪሎሜትር ያህል ስፋት ያለው ነው። ምቱ ድንጋይ ከ150 ኪሎሜትር በላይ ወርውሯል፤ የጅምላ ጥፋት ግን አላስከተለም። በሳይቤሪያ የሚገኘው የፖፒጋይ ጎድጓዳ 100 ኪሎሜትር ያህል ይሰፋል፤ እርሱም ከአምስቱ ታላላቅ ጥፋቶች ከአንዱም ጋር አይገጥምም። በካናዳ ያለው የማኒኩዋጋን ጎድጓዳ ከ201 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ለደረሰው ጥፋት ተጠርጥሮ ነበር፤ ዕድሜው ሲለካ ግን ከጥፋቱ ከ10 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ቀድሞ ተገኘ።

እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ ለመፍረድ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋል፤ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ዚርኮን የሚባለው ደቃቅ ማዕድን ሲፈጠር ዩራኒየምን ያስገባል፣ እርሳስን ግን አይቀበልም። ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ በውስጡ የተጠራቀመው እርሳስ ዕድሜውን ይናገራል። ኡርስ ሻልተገርና ባልደረቦቻቸው በ2008 እና በ2010 ባወጧቸው ጥናቶች፣ የ201 ሚሊዮን ዓመቱ ጥፋት በአትላንቲክ ዳርቻዎች ከፈሰሰው ታላቅ ቅልጥ ዐለት ጋር በጊዜ እንደሚገጥም አሳዩ። የጄኔቫና የዙሪክ ተመራማሪዎች በ2017 ደግሞ የደቡብ ቻይናን የእሳተ ገሞራ አመድ በመለካት ከሁሉ የከፋውን፣ የ252 ሚሊዮን ዓመቱን ጥፋት ጊዜ አጥርተው ወሰኑ። ይህም ጥፋት በጊዜው ከሳይቤሪያ ቅልጥ ዐለት ጋር ይያያዛል። ከአምስቱ ጥፋቶች ከአስትሮይድ ጋር በጽኑ ማስረጃ የተያያዘው እንግዲህ አንዱ ብቻ ነው። በእርሱም ዘመን ቢሆን በሕንድ የደካን ቅልጥ ዐለት ይፈስ ስለነበር፣ የእያንዳንዱ ድርሻ እስካሁን ያከራክራል።

ከዚህ ተነሥተን ጥፋትን የሚያመጣው ቅልጥ ዐለት ነው ብንል ግን በሌላ አቅጣጫ እንሳሳታለን፤ የራሳችን ምድር ይመሰክራልና። የሰሜን፣ የጎጃምና የወሎ ተራሮች የተሠሩበት ባዛልት በአንዳንድ ስፍራ 2 ኪሎሜትር ያህል ይወፍራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ የተሳተፉበት የ1997 ጥናት እንደሚያሳየው፣ አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ውስጥ ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን ከአምስቱ የሚቆጠር ጥፋት አልደረሰም። እንዲያውም በጎንደር ጭልጋ አካባቢ የተገኙት ቅሪተ አካላት ከ27 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የዝሆን ዘመዶች በዚያው ባዛልት ላይ ይመላለሱ እንደነበር ያሳያሉ።

ስለዚህ ምቱም ሆነ እሳቱ ብቻውን ብይን አይሰጥም። የሚወስነው የኃይሉ መጠንና ፍጥነት፣ የተመታው ወይም የጋለው ድንጋይ የያዘው ጋዝ፣ እንዲሁም ፍጥረታቱ አደጋው ሲደርስባቸው የነበሩበት ሁኔታ ነው። ለታላቅ ጥፋት አንድ ወንጀለኛ ፈልጎ ፋይሉን መዝጋት ይቀላል። የማኒኩዋጋን ምርመራ እንዳሳየው ግን፣ ተጠርጣሪው ከስፍራው አልነበረም የሚል ፍርድም እውቀት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በዚህ ምርመራ ውስጥ ቦታው የላቀ ነው፤ ጥፋት የደረሰበትን ስፍራ ከምንመረምርበት ትጋት ባላነሰ፣ ጥፋት ያልደረሰበትንም ስፍራ መመርመር ይገባልና።