ስለ «ኸሩብ» የአማርኛ ስያሜ

በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ ዝናም በብርድ ወራት ብቻ በሚጥልባቸው ደረቅና ድንጋያማ ተዳፋቶች ላይ፣ ቅጠሉ የማይረግፍ አንድ ዛፍ በዱር ይበቅላል። የዕፀዋት ተመራማሪዎች ሴራቶንያ ሲሊኳ ይሉታል። ከባቄላና ከአተር ወገን ነው፤ ሰው የሚበላው ግን ድርቅ ያለውን ዘር ሳይሆን ዘሩን አቅፎ የሚያድገውን ቡናማና ሥጋማ ሽፋን ነው። ይህም ሲደርቅ በጣም ይጣፍጣል።

ግሪኮች ፍሬውን ከቅርጹ በመነሣት «ኬራቲዮን» አሉት፤ «ትንሽ ቀንድ» ማለት ነው። ዘሩ ለከበሩ ነገሮች መመዘኛ ይውል ስለ ነበር ቃሉ በዓረብኛ «ቂራጥ»፣ በአውሮፓ ቋንቋዎች «ካራት» ሆኖ እኛም ዘንድ ደርሷል። ስለዚህ ዛፉን የማያውቀው አማርኛ የስሙን ዘር በወርቅ ቤት ይጠራዋል።

ችግሩ የሚታየው በትርጉም ላይ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ቁጥር 16፣ የጠፋው ልጅ የተመኘው የእሪያዎች መብል በግሪክኛው ይኸው «ኬራቲዮን» ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አሰር» ይለዋል። አሰር ፍሬው ከተወቃ በኋላ የሚቀር የከብት መኖ ነው፤ ስለዚህ የመኖን ስሜት በሚገባ ያስተላልፋል። ነገር ግን አንባቢው ልጁ የማይበላ ነገር እንደ ተመኘ ይረዳል። የግሪክኛው ቃል የሚያመለክተው ሰው ሊበላው የሚችል፣ የድኻ ምግብ የሆነ ፍሬ ነው። የታሪኩም ምሬት እዚህ ላይ ነው፤ ለእሪያ የተሰጠው ምግብ ለሰው ተነፈገ።

ሌላው ስሕተት ከእንግሊዝኛ ይመጣል። እንግሊዝኛ ይህን ፍሬ ከመጥምቁ ዮሐንስ ምግብ ጋር በማያያዝ በአንበጣ ስም ይጠራዋል። ከዘሩ የሚወጣውና ምግብ ለማወፈር የሚያገለግለው ዱቄት ቃል በቃል «የአንበጣ ሙጫ» ተብሎ ቢተረጎም፣ ጿሚ አንባቢ ከነፍሳት የተገኘ መስሎት ይተወዋል።

በመሆኑም «ኸሩብ» የሚለው ስያሜ ተመራጭ ነው። ዓረብኛው «ኸሩብ»፣ ዕብራይስጡም «ሐሩቭ» ይላልና ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ «ካሮብም» ራሱ ከዓረብኛው ወጥቶ በአውሮፓ የዞረ ቃል ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የተሰየመው ሁለተኛው ዝርያ በዑማንና በሶማሊያ ስለሚገኝ፣ ስያሜው ለሁለቱም የወል ስም ሊሆን ይገባል። «አሰር» በነባሩ ንባብ ይቆይ፤ በመዝገበ ቃላት ግን የዚህ ፍሬ አቻ ሆኖ አይግባ።