ያላቋረጠ ደወል፦ መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖችና የጡት ካንሰር



የጡት ካንሰር ያገኛቸው እናቶችና እኅቶች «ለእኔ እንክብል፣ ለሌላዋ ግን መርፌ የታዘዘው ስለ ምን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ለህዋስ መልእክት በሚያደርሱ ፕሮቲኖች ዘንድ ይገኛል።

ምእመናን የደወል ድምፅ ሰምተው እንደሚሰበሰቡ፣ ጤናማ ህዋስም የሚባዛው ትእዛዝ ሲደርሰው ነው፤ ትእዛዙ ሲቋረጥም ያርፋል። ትእዛዙን የሚቀበሉት ፕሮቲኖች «ተቀባይ» ይባላሉ። ደወሉ ያለማቋረጥ ቢደወል ግን ህዋሱ ያለ ልክ ይባዛል፤ ከዚህም እባጭ ይፈጠራል።

በጡት ካንሰር ጎልተው ከሚታወቁት ተቀባዮች አንዱ የኤስትሮጅን ተቀባይ ነው። አብዛኞቹ የጡት ካንሰሮች በዚህ ሆርሞን መልእክት ያድጋሉ። ታሞክሲፈን የተባለው እንክብል የሆርሞኑን ስፍራ ይዞ መልእክቱን ያግዳል።

ሌላው በህዋሱ ገጽ ላይ የሚገኘው ሄር-2 ነው። ከ100 ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ይህ ተቀባይ ከመጠን በላይ ይበዛል። ተቀባዮቹ ከመብዛታቸው የተነሣ እርስ በርሳቸው እየተጣመሩ፣ ከውጭ መልእክት ሳይመጣ «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ በሄር-2 ላይ ተጣብቆ ይህን ትእዛዝ ያዳክማል።

እነዚህ ተቀባዮች የማይገኙባቸው ካንሰሮችም አሉ፤ እነርሱ በኬሞቴራፒና በሌሎች መንገዶች ይታከማሉ። የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው ከእባጩ በተወሰደ ናሙና ምርመራ ነው። «መርፌ ከነካው ይብሳል» በሚል ፍርሃት ናሙና ከመስጠት የሚቀሩ ሴቶች ተገቢውን መድኃኒት ሳያገኙ ጊዜው ያልፍባቸዋል።

ከእኛ የሚጠበቀው ታላቅ ነገር አለ። ታሞክሲፈን ብዙውን ጊዜ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ በየቀኑ ይወሰዳል። እባጩ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ «ድኛለሁ» ብላ፣ ወይም ለጾምና ለጠበል ስትል መድኃኒቷን የምታቋርጥ እኅት ደወሉ እንደገና እንዲደወል በር ትከፍታለች። ከሐኪሟ ይልቅ የንስሐ አባቷን ቃል የምትሰማ ብዙ ናት። ስለዚህ አባቶች ጸሎቱና ጠበሉ ከመድኃኒቱ ጋር እንደማይጣላ፣ ቤተ ክርስቲያንም ለሕሙማን የጾምን ሥርዓት እንደምታቀልል ንገሯት። ሰበካ ጉባኤያትም በጡቷ ላይ እባጭ ያገኘችን ሴት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ አበረታቱ፤ የመጓጓዣ አቅም ላነሳትም ከምግባረ ሠናይ ገንዘባችሁ እርዱ።