አባትየው ምን ይላል?

የሬዲዮ ድራማ ጽሑፎችን ሳርም ብዙ ቀይ መስመር የሚያርፍበት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንግግር ላይ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻ ለፊስቱላ እንደሚዳርግ፣ ሕጉ 18 ዓመት እንደሚል፣ ገጽ ሙሉ ትዘረዝራለች። የምትለው ሁሉ እውነት ነው። አድማጩ ግን ሬዲዮኑን ባይዘጋ ጆሮውን ይዘጋል።

በቅርቡ አንድ ወጣት ደራሲ ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጁን ሊድር ስለተነሳ ገበሬ ጽፎ አመጣልኝ። ሰውዬው ሰካራም፣ ጨካኝ፣ ለገንዘብ የማይሆነው የሌለ። «እስቲ አባትየው ምን ይላል?» አልኩት። ደግሞ ሲጽፈው ሌላ ሰው ወጣው፦ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ የጎረቤት ልጅ በዚያው መንገድ ተጠልፋለች፤ እሱ ጤናው እየከዳው ነው፤ ዓይኑ ሳይከደን ልጁን ለወግ ለማዕረግ ማብቃት ይፈልጋል። ሳነበው ፈራሁ። ስንቱ አባት «እውነቱን ነው!» ይላል። ቢሆንም ሚስትየዋ የምትመልስለት፣ ልጅቷም የምትሟገተው ነገር ያገኘችው ያኔ ነው።

ኪነ ጥበብ ማስተማር የለበትም ከሚሉት ጋር አልስማማም። አንዲት ልጅ እንኳ ከደብተሯ ሳትለይ የምትቀር ከሆነ፣ ድራማችን ያስተምር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ለማስተማር የተሠራ ነበር። የተከተለውም የሜክሲኮውን ሚጌል ሳቢዶ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ከደጉና ከክፉው ይልቅ ዋናው በሁለቱ መካከል የሚዋልለው ሰው ነው፤ አድማጭ አብሮት ያመነታል፣ አብሮት ይወስናል። የእኛ ጸሐፊዎች ሁለቱን ዳር ይዘው መካከለኛውን ይረሱታል። ሐዲስ ዓለማየሁ እንኳ በልቦለዱ ውስጥ በዘር ኩራቱ ሰብለ ወንጌልን ያለ ባል ያስቀመጣትን ፊታውራሪ መሸሻን ዝም አላሰኘውም፤ እንደ ልቡ አናግሮታል። ወጋየሁ ንጋቱ ልቦለዱን በሬዲዮ ሲተርከው የትዕቢቱን ልክ ያወቅነው ከራሱ አፍ ነው፤ ማንም «ተመልከቱት» ብሎ አልጠቆመንም።

የወጣቱን ደራሲ ድራማ ወጪ የሚሸፍነው ፕሮጀክት ረቂቁን አይቶ «መልእክቱ ይደበዝዛል፣ የአባትየው ንግግር ይቀነስ» ብሏል። ስጋታቸው ይገባኛል፤ የሚመጣው ጥፋት በልጅ ሕይወት ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ንግግር ወደ አራት መስመር አውርጄዋለሁ፤ ከአባትየው ግን አንድ ቃል እንዲወጣ አልፈቅድም።