ስለ ቶርኖ መኪና፤ የኮሌት ቸክ አመራረጥና አገጣጠም

ብረት የሚቀርጸው መኪና በአገራችን ሠራተኞች ዘንድ ቶርኖ ይባላል፤ በሙያ ትምህርት ቤቶችም ሌዝ ይሉታል። በዚህ መኪና የሚዞረው ብረቱ ነው፤ ስለቱ ግን ሳይዞር ወደ ብረቱ እየቀረበ ይልጠዋል። ስለዚህ የሥራው መቃናትና መበላሸት ከሁሉ አስቀድሞ በብረቱ አያያዝ ላይ ይመሠረታል።

አብዛኛውን ጊዜ ብረቱን የሚይዘው ባለ ሦስት መንጋጋው ቸክ ነው። ይህ ቸክ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ስለሚይዝ ጠቃሚ ዕቃ ነው። ነገር ግን በሦስት ስፍራ ብቻ ይነክሳል፤ ደኅና በሆነው እንኳ ብረቱ ከመካከሉ 0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ ሊዞር ይችላል። ብረቱ ሳይፈታ ከተፈጸመ ጉዳት የለውም፤ ፈትተው ሲገለብጡት ግን ጉድለቱ ይገለጣል። ለምሳሌ ለመስኖ ውሃ የሚስብ የትንሽ ፓምፕ አጭር ዘንግ ብንወስድ፥ አንዱ ጫፍ ተቀርጾ ሌላው ጫፍ በግልበጣ ቢቀረጽ ሁለቱ ጫፎች በአንድ መስመር አይውሉም። ፓምፑም ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታው ይግላል፤ ውሃ ማገጃውም ቶሎ ይበላል። ገበሬው ቡቃያው በሚጠማበት ሰሞን ፓምፑን ተሸክሞ ወደ ከተማ ይመለሳል። (ረጅም ዘንግ በሁለት ሹሎች መካከል ተይዞ ይቀረጻል፤ እርሱ ሌላ ትምህርት ነው።)

ኮሌት የተባለው ዕቃ ለዚህ መድኃኒት ነው። ኮሌት ማለት በጐኑ ብዙ ስንጥቅ ያለበት፥ ውጭው እንደ ሾጣጣ ሆኖ የተሠራ፥ እንደ ምንጭ የሚለጠጥ ጠንካራ የብረት ቀለበት ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ኮሌቱ ወደ ሾጣጣው ጉድጓድ ይገባል፤ ስንጥቆቹም ተጠጋግተው ብረቱን ከዙሪያው ሁሉ ይጨብጡታል። ንጹሕ ሆኖ በደንብ ከተገጠመ ዝንፈቱ 0.02 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። የተወለወለውንም ብረት አያቈስልም። ደግሞም ወደ ውጭ ወጥቶ የሚዞር መንጋጋ ስለሌለው ለተማሪ እጅ ከሌላው ይሻላል።

ስለ አመራረጡ፤ የታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው የአሜሪካው ሃርዲንጅ ፋብሪካ ያወጣው 5ሲ ነው፤ ከኋላ በኩል በቱቦ ተስቦ ይጠብቃል፤ እስከ 27 ሚሊሜትር የሚደርስ ክብ ብረት ይይዛል። አንድ ዓይነት ዕቃ ደጋግሞ ለሚሠራ ፈጣን ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ኮሌት የራሱን ልክ ብቻ ስለሚይዝ ብዙ መግዛትን ይጠይቃል። ሁለተኛው የስዊስ አገሩ ሬጎ ፊክስ በ1970ዎቹ ዓመታት (በአውሮጳ አቈጣጠር) ያወጣው ኢአር ነው፤ ኢአር 25 እስከ 16፥ ኢአር 32 እስከ 20፥ ኢአር 40 እስከ 26 ሚሊሜትር ይይዛሉ። የኢአር 32 አንዱ ኮሌት ከልኩ በታች 1 ሚሊሜትር ያህል ስለሚጠብ፥ ከ2 እስከ 20 ሚሊሜትር ያለውን ሁሉ 18 ኮሌቶች ይሸፍኑታል። አንድ ቶርኖ ብቻ ላለው ትምህርት ቤት ከሌላው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ሲገዙ ጅራቱን ማየት ይገባል። ጅራቱ ሾጣጣ ሆኖ ወደ ዋናው ዘንግ ቀዳዳ የሚገባው ዓይነት ለመግጠም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳውን ስለሚደፍን ረጅም ብረት በኋላ በኩል ሊያልፍ አይችልም፤ ከኋላም በረጅም ብሎን ካልተሳበ ሊላቀቅ ይችላል። በፍላንጃ የሚታሰረውና መካከሉ ክፍት የሆነው ይበልጣል።

ፍላንጃውም ከቶርኖው ዘንግ አፍንጫ ጋራ የሚስማማ ይሁን፤ አንዳንዱ አፍንጫ ባለ ጥርስ ነው፥ አንዳንዱም በአጭር ሾጣጣና በቍልፍ የሚያዝ ነው። አፍንጫውን በጨርቅ ጠርጎ፥ ፍላንጃውን አስሮ፥ ቸኩ የሚቀመጥበትን ፊትና እርከን እዚያው በቶርኖው ላይ መቅረጽ ነው። የሥራው ሁሉ ምሥጢር በዚህ አለ፤ በቦታው የተቀረጸ ፍላንጃ መካከሉን ከዚያው መኪና ይወስዳልና። ውድ ቸክ ገዝተው ይህን የሚዘሉ ሰዎች ገንዘባቸውን በከንቱ አፍስሰዋል። እርከኑ በቸኩ ጀርባ ጉድጓድ ሳይላላ ይግባ። ብሎኖቹን በትይዩ እያፈራረቁ ማጥበቅ፥ ከዚያም ባለ መርፌውን መለኪያ በውስጠኛው ሾጣጣ ላይ አሳርፎ ቸኩን በእጅ ማዞር ነው። መርፌው ከ0.01 ሚሊሜትር አብልጦ ቢወዛወዝ፥ ፈትቶ ብናኝ ወይም ጠርዝ ላይ የተነሣ ብረት መፈለግ እንጂ በመዶሻ መምታት አይገባም። አፍንጫው ባለ ጥርስ ከሆነ ደግሞ መኪናውን ወደ ኋላ አዙሮ መቅረጽ ቸኩን ሊፈታው ስለሚችል አደጋ ነው።

ኢአር ኮሌት አስቀድሞ ወደ ቸኩ አይገባም፤ አስቀድሞ ወደ ዳዶው ይገባል። ኮሌቱን ጥቂት አጋድሎ ሲጫኑት አንገቱ ላይ ያለው ቦይ ከዳዶው ቀለበት ጋራ ቀጭ ብሎ ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ ዳዶው ወደ ቸኩ ይታሰራል። ይህ ካልተደረገ ዳዶው ሲፈታ ኮሌቱን ስቦ አያወጣውም፤ ጠርዙም ይሰበራል። ለ15.5 ሚሊሜትር ብረት 16 ቍጥር ኮሌት ይወሰዳል፤ 15 ቍጥሩን በግድ መክፈት አይገባም። ብረቱ ከኮሌቱ ርዝመት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ይሙላ፤ አጭር ከሆነ በኮሌቱ ኋላ ልኩ እኩል የሆነ ቍራጭ ማስገባት ይበጃል። ባዶ ኮሌት አይጠበቅም፤ በመፍቻውም ላይ ቱቦ ጨምሮ ማጥበቅ ኮሌቱን ያጣምመዋል። መኪናው ሳይነሣ መፍቻው ከዳዶው መውጣቱን መምህሩ ራሱ ይይ።

ቅርፊት ያለበት፥ ክብነቱም ያልተስተካከለ ጥቁር ብረት በኮሌት አይያዝም፤ እርሱን ለባለ ሦስት መንጋጋው ቸክ መተው ነው።