ስልጆና ወጣቱ ሠራተኛ

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ለሥራ ከቤተ ሰቡ የሚርቅ ወጣት ከመጽሐፉና ከልብሱ ጋራ ሊይዘው የሚገባ አንድ ስንቅ አለ፤ ይኸውም የእናቱ ሙያ ነው። «ወንድ ልጅን ከማጀት ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም መቐለ እስክገባ ድረስ ከዚሁ ወገን ነበርሁ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የምግብ ቤት ወጥ ኪሴንም ሆዴንም ስላሰለቸው፥ እናቴ ጎጃም የምትሠራውን ስልጆ ልሠራ ተነሣሁ። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውኃ ተሠርቶ፥ ሰናፍጭ ገብቶበት የሚኮመጥጥ የጾም ማባያ ነው። እናቴ በስልክ የነገረችኝን ግማሹን ሰማሁ፤ ለቀረው በትምህርቴ ተመካሁ። ገንፎው ገና እየፈላ ሳለ ሰናፍጩን ጨመርሁበት። በሦስተኛው ቀን ብከፍተው አፍንጫ የማይሰነፍጥ፥ የሸተተ ጭቃ ሆኖ ቈየኝ።

እንደ አገሩ ልማድ «አደይ» እያልሁ የምጠራቸው የቤት አከራዬ ድስቱን አይተው ሣቁ። እርሳቸው የሚያውቁት ከባቄላ፥ ከምስርና ከአብሽ ዱቄት ተሠርቶ እስኪነጣ የሚመታውን የትግራይን ሕልበት ነው። ሆኖም አሽትተው «ወደይ፥ ሰናፍጩን ቀቅለህ ገደልኸው» አሉኝ።

ነገሩን ብመረምረው ፍርዳቸው የሳይንስ ፍርድ ነው። የሰናፍጭ ኃይል የሚመጣው ተወቅጦ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው በውስጡ ያለው ኤንዛይም ስለሚሠራ ነው፤ ትኩስ ነገር ያበላሸዋል። ላክቲክ አሲድ እየሠሩ ገንፎውን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎችም በፈላ ድስት ውስጥ አይተርፉም።

እንግዲህ ለመሞከር ለሚሻ ሰው መንገዱ ይህ ነው። ሱፉ ታምሶ ይወቀጥና በውኃ ተበጥብጦ ይጠለላል። 4 ኩባያ የሱፍ ውኃ ሲፈላ 1 ኩባያ የተቆላ ባቄላ ዱቄት እየነሰነሱ፥ ጨውም ጨምሮ ማማሰል ነው። መቐለ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነውና፥ ባቄላው እስኪበስል ትዕግሥት ያሻል። ከእሳት ወርዶ ፈጽሞ ሲበርድ በቀዝቃዛ ውኃ የተለወሰ 2 ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት፥ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፥ ዝንጅብልና ጤና አዳም ይገባበታል። በንጹሕ ማሰሮ ተከድኖ ጥቂት ቀን ይቈይ፤ ሲኮመጥጥ ደርሷል። ከሻገተ ወይም ከከረፋ ግን ሳይቀመስ ይደፋ።

በቻይና ሲችዋን የፒሽየን ሰዎች ይህንኑ ባቄላ ሆን ብለው በተመረጠ ሻጋታ ያስይዙታል፤ ከዚያ በጨውና በቀይ በርበሬ ለውሰው ለወራት፥ አንዳንዱንም ከዓመት በላይ ያቈዩታል። ዶውባንጂያንግ ይሉታል፤ ዛሬ ታሽጎ በዓለም ገበያ ይሸጣል። ባቄላ በማምረት ቻይና የዓለም ቀዳሚ ስትሆን ኢትዮጵያም ከቀደምቶቹ አንዷ ናት። ስልጆንም እንደ ሞገሴ አሸናፊ ያሉ የማይክሮባዮሎጂ ምሁራን መርምረው ጽፈውበታል። የእኛ ስልጆ ግን እስከ ዛሬ አብዛኛው ኑሮው በእናቶች እጅ ነው፤ ልጅ ካልተቀበላቸው ከእነርሱ ጋራ ያልፋል።

አደይ አንድ ማታ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ስለ ነበረው ጦርነት አጫወቱኝ። ባንክ ተዘግቶ ደመወዝ የተቋረጠበትን ጊዜ አስታውሰው፥ «ያን ጊዜ የባንክ ደብተር ምን ያደርጋል? እፍኝ ባቄላን ለቤተ ሰብ ማዳረስ የምታውቅ ናት ቤቷን ያቆመች» አሉ። እኔም ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ዲግሪ አየሁና ዝም አልሁ።

ሁለተኛው ድስት በአምስተኛው ቀን ደረሰ። አንድ ሳሕን ለአደይ ብወስድላቸው ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሳሕኑንም ሕልበት ሞልተው መለሱልኝ። አንተም ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ ዛሬ እሑድ ነውና ለእናታችሁ ደውሉ። ስትደውሉም ወረቀትና እርሳስ ያዙ።