ያውቁ ኖሯል?

ንብ አበባ ያገኘችበትን አቅጣጫና ርቀት ለእህቶቿ የምታሳውቀው በጨለማው ቀፎ ውስጥ እየተወዛወዘች እንደሆነ ያውቁ ኖሯል?

በተንጠለጠለው የማር እንጀራ ላይ ሽቅብ ከተወዛወዘች አበባው ያለው በፀሐይ አቅጣጫ ነው። ወደ ቀኝ 60 ዲግሪ ካዘነበለች ደግሞ ከፀሐይ በስተቀኝ 60 ዲግሪ ነው። ውዝዋዜው አንድ ሰከንድ ከቆየ ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ይህን ምስጢር የፈታው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ውዝዋዜው መነሻ የሚያደርገው ፀሐይን ነው፤ በሰሜን ወሎዋ ቆቦ ከተማ ግን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ለጥቂት ደቂቃዎች የትኛውንም አቅጣጫ አትጠቁምም። ደግነቱ የንብ ምልክት ፀሐይ ብቻ አይደለችም። በሜዳው ያለውን ዛፍ፣ በቆቦ አቅራቢያ እንዳሉት የዞብል ተራሮች ያለውን የአድማስ ቅርጽም ታስታውሳለች። ወጣቷ ንብ መጀመሪያ ስትወጣ ፊቷን ወደ ቀፎው አዙራ፣ ግራና ቀኝ እያለች፣ ስፍራውን ታጠናለች። ከዚያ በኋላ ቀን ላይ ቀፎውን ጥቂት ሜትሮች ፈቀቅ ቢያደርጉት፣ ከመስክ የሚመለሱት ንቦች የሚሰበሰቡት ቀድሞ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ነው።